28 ዲግሪ ላይ የቆመችው ፒክ፦ በሰሜን ሸዋ የአንድ የፊዚክስ ተመራማሪ የጉዳይ ጥናት

የዚህ ጉዳይ መነሻ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ንድፍ (ኤክስሬይ ክሪስታል ላይ ሲያርፍ በየትኛው ማዕዘን እንደሚበተን በሚያሳይ ሥዕል) ላይ 28 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ ብቅ የምትል አንዲት ትንሽ ፒክ፣ ማለትም የመስመሩ ሹል ከፍታ ናት። ንጹሕ ቢስሙዝ ፌራይት (የቢስሙዝ፣ የብረትና የኦክስጅን ውሕድ) በመዳብ ኤክስሬይ ሲመረመር 32 ዲግሪ ግድም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ረጃጅም ፒኮች ይሰጣል፤ 28 አካባቢ ግን ምንም ሊታይ አይገባም። እዚያ አንዳች ነገር ከታየ ዱቄቱ ውስጥ ሌላ ውሕድ ተደባልቋል ማለት ነው። በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የፊዚክስ ተመራማሪ ይህችን ፒክ ለማጥፋት ብዙ ዓመት ደክመዋል፤ በእሷም ሳቢያ ለኅትመት የላኩትን ጽሑፍ በገዛ እጃቸው መልሰዋል፤ የማዕረግ ዕድገታቸውም ዘግይቷል። እኔ በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ሥራ በዕድገት ፋይላቸው ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ የሚበልጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ አማካሪዬ እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ በዚያው ትምህርት ክፍል ባልደረባቸው ነኝ። ስለዚህ ጉዳዩን የማውቀው ከውስጥ ነው፤ ለእሳቸው ያለኝ ፍቅርና አክብሮትም በጽሑፉ መታየቱ አይቀርም። ስማቸውም የዩኒቨርሲቲው ስምም እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ሁለቱንም ትቻለሁ። የተደገፍኩት ከእሳቸው ጋር ባደረግኋቸው ረጃጅም ጭውውቶችና በራሴ ትዝታ ላይ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ግን የተመረኮዝኩት ከፈርነሱ፣ ማለትም ናሙና ከምናበስልበት የኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ በሲባጎ ታስሮ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ነው። በቤተ ሙከራችን «መዝገቡ» ከተባለ እሱ ነው። ፈርነሱ በበራ ቁጥር ማን እንዳስገባ፣ ምን እንደገባ፣ በስንት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደደረሰና መቼ እንደተከፈተ፣ መብራት የሄደበት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር፣ ይጻፍበታል።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቁሱ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ያለዚያ የፒኳ ነገር ትርጉም አይሰጥም። ቢስሙዝ ፌራይት ፔሮቭስካይት ከሚባሉት ቁሶች አንዱ ነው። ፔሮቭስካይት መጀመሪያ የአንድ ማዕድን ስም ነበር። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ጉስታቭ ሮዘ እ.ኤ.አ. በ1839 ከኡራል ተራሮች የመጣ ድንጋይ መርምሮ ለሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ መታሰቢያ እንዲሆን በስሙ ጠራው፤ ያ ድንጋይ ካልሲየም ቲታኔት ነው። ዛሬ ስሙ ተመሳሳይ የአተም አደረጃጀት ላላቸው ብዙ ውሕዶች የወል መጠሪያ ሆኗል። አደረጃጀቱን መምህራችን ለተማሪ ሲያስረዱ አንድ ክፍል ያለው ቤት እንድናስብ ያደርጉን ነበር። በስምንቱ ማዕዘኖች ትልልቆቹ አተሞች ይቆማሉ፤ በአራቱ ግድግዳዎች፣ በወለሉና በጣሪያው መካከል አንዳንድ ኦክስጅን ይቀመጣል፤ ከመሀል ደግሞ እንደ ምሰሶ አንድ ትንሽ የብረታ ብረት አተም ይተከላል። ምሰሶው ከመሀል ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ሲል የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቻርጁ ማዕከል ይለያያል፤ ቤቱም በራሱ የኤሌክትሪክ ፖላራይዜሽን ይኖረዋል። በባሪየም ቲታኔት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከ120 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ በላይ ግን ቲታኒየሙ ወደ መሀል ስለሚመለስ ጠባዩ ይጠፋል።

መልቲፌሮይክ የሚባሉት ቁሶች ይህን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ከማግኔት ሥርዓት ጋር በአንድ ገላ የያዙ ናቸው። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱን ኒኮላ ስፖልዲን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው ጽሑፍ አስረድታለች። እንደ ቲታኒየም ያለው አተም ከመሀል ፈቀቅ እንዲል የውጭው ዲ ኦርቢታሉ (ኤሌክትሮኖች ከሚይዟቸው የአተም ክፍሎች አንዱ) ባዶ መሆን ይቀናዋል፤ ማግኔት ለመሆን ደግሞ በዚያው ኦርቢታል ውስጥ ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ። አንዱ ባዶነትን፣ ሌላው መሞላትን ስለሚፈልግ ሁለቱ በአንድ ምሰሶ ላይ አይስማሙም። ቢስሙዝ ፌራይት ከዚህ የሚያመልጠው ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው፦ የኤሌክትሪኩን ድርሻ በማዕዘን የቆመው ቢስሙዝ ይሸከማል፣ የማግኔቱን ደግሞ ከመሀል ያለው ብረት። የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ እስከ 830 ዲግሪ ገደማ፣ የማግኔት ሥርዓቱ እስከ 370 ዲግሪ ገደማ ይጸናል፤ ስለዚህ በመንዝ ውርጭም ሆነ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሁለቱንም ይዞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ቁስ ብርቅ ነው። መረጃን በኤሌክትሪክ መስክ ጽፎ በማግኔት ለማንበብ ያለው ተስፋም ከዚህ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች በዚህ ቁስ ስስ ንጣፍ አማካይነት በክፍል ሙቀት የማግኔትን አቅጣጫ በኤሌክትሪክ መስክ መገልበጥ እንደሚቻል አሳይተዋል።

የቁሱ ታሪክ በአመዛኙ የንጽሕና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በክሪስታል ላይ የተለካው ፖላራይዜሽን በካሬ ሴንቲ ሜትር 6 ማይክሮኩሎም ገደማ ብቻ ስለነበር ቁሱ ደካማ ነው ተብሎ ብዙዎች ትተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በስስ ንጣፍ ላይ የተገኘው ልኬት ከዚያ አሥር እጥፍ ያህል ሆነ። የኋላ ኋላ የተሠሩ ንጹሕ ክሪስታሎችም ከፍተኛውን ልኬት ሰጡ፤ የቀድሞዎቹ በቂ የኤሌክትሪክ መስክ ሊጫንባቸው ያልቻለው የኤሌክትሪክ ጅረት እያፈሰሱ ስላስቸገሩ ነበር። በዚያው በ2003 በንጣፉ ላይ ታይቷል የተባለው ጠንካራ ማግኔትነት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ተሞግቷል። ይህ ሙግት ወደ ጉዳያችን ተመልሶ ይመጣል።

መምህራችን የተወለዱት መንዝ ውስጥ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የመረጡት ምህንድስና ነበር፤ የተመደቡት ግን ፊዚክስ ላይ ነው። በጥሩ ውጤት ስለተመረቁ በረዳት ምሩቅነት ተቀጠሩ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አዲስ አበባ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሕንድ፣ በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ በምትገኝ ከተማ ሠሩ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ቢስሙዝ ፌራይትን ላንታነም ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር እየቀላቀሉ ጠባዩን ማጥናት ነበር። እዚያ ናሙናው ጠዋት ከፈርነስ ቢወጣ ከሰዓት በኋላ ዲፍራክሽኑ ይነሣለታል፤ በሳምንቱ የማግኔት ልኬቱ ይደርሳል። በመጨረሻው ዓመት አማካሪያቸው እዚያው በተመራማሪነት እንዲቀጥሉ ጠይቀዋቸው ነበር። የተመለሱት ውላቸው ስለሚያስገድዳቸውና አባታቸው ስለታመሙ ነው፤ እሳቸው ሁለቱን ምክንያቶች ሁልጊዜ እኩል አድርገው ይናገራሉ።

ሲመለሱ ያገኙት አንድ የኤሌክትሪክ ፈርነስ፣ አንድ ሚዛን፣ ሁለት ሆት ፕሌትና ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጡ አንድ የቤተ ሙከራ ረዳት ነበር። ለዲፍራክሽን ናሙና ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይላካል፤ ለማግኔት ልኬት ደግሞ በፖስታ ወደ ቀድሞ ቤተ ሙከራቸው ወደ ሕንድ። የመጀመሪያው ሥራቸው በሕንድ የለመዱትን አሠራር እንዳለ መድገም ሆነ። ለ10 ግራም ቢስሙዝ ፌራይት 15.51 ግራም ቢስሙዝ ናይትሬትና 12.91 ግራም የብረት ናይትሬት ተመዝኖ ከሲትሪክ አሲድ ጋር ይሟሟል፤ ቀስ ተብሎ እየተነነ ወደ ዝልግልግ ጄል ይለወጣል፤ ጄሉ ደርቆ ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ በ600 ዲግሪ ለአጭር ጊዜ ይተኮሳል፣ ከዚያ በፔሌት (በትንሽ ክብ ጥፍጥፍ) ተጨምቆ በ820 ዲግሪ ይበስላል።

አሠራሩ ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋ ሲመጣ እንቢ አለ። መጀመሪያ ያስቸገረው ጄሉ ራሱ ነው። የምንሠራበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የሕንዱ መመሪያ «ሳይፈላ በ90 ዲግሪ ይቆይ» ይላል፤ በእኛ ዘንድ 90 ዲግሪ ማለት ድስቱ ሊገነፍል ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ቀላል ነበር፤ ሙቀቱን ወደ 75 ዝቅ አድርገው ጊዜውን አረዘሙት። ፒኳ ግን ከመጀመሪያው ናሙና ጀምሮ 28 ዲግሪ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬያቸው ማንኛውም የዚህ ቁስ ባለሙያ የሚጠረጥረው ነው። ቢስሙዝ በከፍተኛ ሙቀት ይተናል፤ ከተነነ ብረቱ ይተርፋል። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያደርጉት 5 በመቶ ትርፍ ቢስሙዝ ጨመሩ። ፒኳ አደገች። ከዚያ ወደ ብረት ናይትሬቱ ዞሩ። ይህ ጨው እርጥበት ይወዳል፤ በክረምት ክዳኑ ላልቶ የቆየ ጠርሙስ ውስጡ ሊጥ መስሎ ይገኛል፤ 12.91 ግራም ተብሎ የተመዘነው ከፊሉ ከአየር የተቀዳ ውሃ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ከጠርሙሱ ጥቂት መዝነው አቃጠሉት፤ የቀረውን ቀይ የብረት ኦክሳይድ መልሰው መዝነው እውነተኛውን የብረት መጠን አሰሉ። ብረቱ በርግጥ ጎድሎ ነበር። ጉድለቱን ሲያሟሉ ፒኳ አነሰች፤ ግን አልጠፋችም።

በዚህ መሀል ነው የሕንዱ የማግኔት ልኬት የደረሰው፤ እኔም ገና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሆኜ የደስታው ተካፋይ ነበርኩ። ንድፉ ላይ አነስተኛ ብትሆንም የጠራች ሂስተሪሲስ ሉፕ (የማግኔት መስኩ ከተነሣ በኋላም ማግኔትነቱ እንደሚቀር የምታሳይ ቀለበት) ትታያለች። በጅምላ የሚሠራ ቢስሙዝ ፌራይት እንዲህ ያለ ሉፕ መስጠት የለበትም፤ የብረት አተሞቹ ማግኔት በሄዱበት መጠን ቀስ እያለ ስለሚዞርና በ62 ናኖሜትር አንድ ዙር ስለሚሞላ የአንዱን ወገን የሌላው ያጣፋዋል። ሉፕ ከታየ ዙሩ ተሰብሯል ያሰኛል፤ ይህ ደግሞ በጥሩ ጆርናል የሚታተም ግኝት ነው። ጽሑፉ ተጽፎ ተላከ፤ ከሁለቱ ገምጋሚዎች የመጣው አስተያየትም መልካም ነበር። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ዕድገታቸው የጎደለው ይኸው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

እሳቸው ግን አልተኙለትም። በገምጋሚዎቹ ያልተነሣ ጥያቄ ራሳቸው አነሡ፤ ዙሩ በምን ተሰበረ? ቅንጣቶቹ ከ62 ናኖሜትር ያነሱ ቢሆኑ አንድ ዙር ስለማይሞሉ መልሱ በቀላሉ ይገኝ ነበር፤ ከፒኮቹ ስፋት የተሰላው መጠን ግን ከዚያ በጣም የሚበልጥ ነው። በላንታነም እንዳይሳበብ ናሙናው ምንም ያልተቀላቀለበት ነው። አንድ ቅዳሜ ከተበላሸ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የወጣ ኒዮዲሚየም ማግኔት ይዘው መጡ። ዱቄቱን በአልኮል በጥብጠው በብርጭቆ አደረጉት፤ ማግኔቱን ከውጭ በኩል አስጠግተው ቀስ አድርገው አንቀሳቀሱት። ዱቄቱ በሙሉ ዝም ብሎ ወደ ታች ሲዘቅጥ፣ አንዲት ቀጭን ጠቆር ያለች መስመር ግን ማግኔቱን ተከትላ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ወጣች። ጉድለቱን ሲያሟሉ ሳይታወቅ ያለፈ ትርፍ ብረት ኦክሳይድ ሆኖ ተቀምጧል። መጠኑ በዲፍራክሽን ለመታየት እንኳ የማይበቃ ነው፤ ሉፕ ለመስጠት ግን ይበቃል። ከላይ ያነሣሁት የ2003ቱ ሙግት ያስተማረውም ይህንኑ ጥርጣሬ ነው፤ ጥቂት የብረት ኦክሳይድ የትልቅ ግኝት መልክ ይይዛል።

ሰኞ ዕለት ጽሑፉን መልሱልኝ የሚል ደብዳቤ ለጆርናሉ አዘጋጅ ጻፉ። ከባልደረቦቻችን አንዱ በእውነተኛ ወዳጅነት «ገምጋሚዎቹ ያላዩትን አንተ ምን አስነሣህ? ዕድገትህን ወስደህ ቀጥሎ በሌላ ጽሑፍ አታርመውም?» ብሏቸው ነበር። የመለሱለት «ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ የእኔን ቁጥር አምኖ ሦስት ዓመቱን ያቃጥላል» በማለት ነው። እኔ በዚያ ክፍል ነበርኩ፤ የተናገሩት ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነው። ደብዳቤውን ከላኩ በኋላ ግን ለብዙ ቀናት ከቢሮ ወጥተው ብቻቸውን ሲመላለሱ እናያቸው ነበር። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ የደመወዝ ጭማሪና የቤት አበል አብሮት የሚሄድ ዕድገት ነው።

የጥናታቸው ጥያቄ የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀድሞ ቁሱ ምን ዓይነት ጠባይ አለው ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ይህን ለመመለስ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በእጃቸው አልነበሩም። አሁን ቁሱ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ፈርነስ፣ በዚህ መብራት ለምን አይጠራም ብለው ጠየቁ። ለዚህኛው የሚሆነው ሁሉ ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበር። በአሲድ ማጠብ ይቻል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው፣ ቀጠን ያለ ናይትሪክ አሲድ ትርፉን አሟሙቶ ፒኳን ያጠፋታል። እሳቸው ግን ይህን «ንድፉን ማጠብ» ይሉታል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ውጤቱ ብቻ ስለሚወገድ አልፈቀዱልኝም። ተማሪ ሆኜ መጨረስ ስለቸኮልኩ በጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እኔም ተማሪዎቼን እከለክላለሁ።

ቁልፉ የተገኘው ፒኳን በጥንቃቄ ስናያት ነው። 28 አካባቢ ያለችው አንዲት ሳትሆን ተጠጋግተው የቆሙ የሁለት ውሕዶች ፒኮች ናቸው። አንደኛው ውሕድ 25 ቢስሙዝ በ1 ብረት የያዘ ቢስሙዝ የበዛበት ነው፤ ሁለተኛው 2 ቢስሙዝ በ4 ብረት የያዘ ብረት የበዛበት። የሚዛን ስህተት ቢሆን ኖሮ አንዱ ብቻ በታየ ነበር፤ ቢስሙዝ ተርፎም ጎድሎም በአንድ ጊዜ አይገኝምና። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን ጻፉት፦ 49 ቢስሙዝ ፌራይት ሲፈርስ ብረት ከበዛበት 12፣ ቢስሙዝ ከበዛበት 1 ይሰጣል። አተሞቹ አንድም ሳይተርፍ ሳይጎድል ይገጥማሉ። ቁሱ በትክክል ተሠርቶ ነበር፤ ከተሠራ በኋላ ነው የፈረሰው።

የት ላይ እንደሚፈርስ የነገረን መዝገቡ ነው። የቤተ ሙከራው ረዳት በየገጹ መብራት የሄደበትን ሰዓት በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉ ስለነበር መምህራችን ገጾቹን ከዲፍራክሽን ንድፎቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ሁሉ ትልቅ ፒክ አለው። ፈርነሱ በ820 ዲግሪ ላይ እያለ መብራት ሲሄድ በሩ ተዘግቶ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል። መብራት ያልሄደባቸው ናሙናዎችም ቢሆኑ እስኪነጋ እዚያው ቀስ ብለው ይቀዘቅዙ ስለነበር ከፒክ ነጻ አልነበሩም፤ መጠኑ ያንስ ነበር እንጂ። በኖርዌይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት ቢስሙዝ ፌራይት ከ447 እስከ 767 ዲግሪ ባለው መካከል የጸና አይደለም፤ በዚያ የሙቀት ክልል ብዙ ከቆየ ወደ ሁለቱ ውሕዶች ይለያያል። ያንን ጽሑፍ ሁላችንም አንብበነው ነበር። በሕንዱ ቤተ ሙከራ ናሙናው በፍጥነት የሚቀዘቅዝበት ፈርነስ ስለነበር ግን የሚያስጨንቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። እዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ናሙናችን በዚያው ክልል ሲያድር ኖሯል።

«ጋሼ፣ ትኩሱን ብናወጣውስ?» አሏቸው መምህራችን ረዳቱን።

«በምን ይዘን ዶክተር? ያለን መቆንጠጫ እኮ አጭር ነው፤ እጅ ያቃጥላል።»

በማግሥቱ ረዳቱ ከሚያውቁት ባለእጅ ዘንድ ክንድ የሚያክል እጀታ ያለው ጉጠት አሠርተው መጡ። ከዚያ ወዲህ ናሙናው በ820 ዲግሪ ጊዜውን ሲጨርስ በሩ ይከፈታል፤ ክሩሲብሉ (ናሙናው የሚበስልበት ሙቀት የሚችል ጽዋ) በጉጠት ይወጣል፤ በሸክላ ጡብ ላይ ይቀመጣል፤ ያንን ክልል በሰዓታት ፋንታ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። ሁለት ክሩሲብሎች በድንገተኛው ቅዝቃዜ ተሰንጥቀውብናል፤ ጡቡን አስቀድሞ ማሞቅ እንደሚገባ የተማርነው በዚህ ነው። ፒኳ በጣም ቀነሰች። ሙሉ በሙሉ የጠፋችው ግን ሌላ ስህተት ከታረመ በኋላ ነው። መምህራችን የፈርነሱ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያው) እውነት ይናገር እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ማረጋገጫ መሣሪያ ስላልነበረ ከቤተ ሙከራው ንጹሕ የሶዲየም ክሎራይድ ጠርሙስ ጥቂት ጨው በትንሽ ክሩሲብል አድርገው ከናሙናው ቦታ አስቀመጡ፤ ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። ሙቀቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመርን በየጊዜው ከፍተን አየን። ጨው ሲቀልጥ ማሳያው ከ830 በላይ ይል ነበር። ይህ ማለት 820 ብለን ስናበስል የኖርነው 790 ባልሞላ ሙቀት፣ ከፍርሰቱ ክልል ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። በቀጣዩ ሙከራ ማሳያው 850 ላይ ተደረገ። ከአዳማ የመጣው ንድፍ ላይ 28 ዲግሪ አካባቢ የነበረው ጠፍጣፋ መስመር ነበር። ወረቀቱ እስካሁን ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ይህ ሥራ ተጽፎ ሊላክ ሲል አካባቢው በጦርነት ተናወጠ። በኅዳር 2014 ውጊያው ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄዱ፤ በመዝገቡ ላይ የዚያ ጊዜ ገጾች ባዶ ናቸው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ ደግሞ በክልሉ ኢንተርኔት ሲዘጋ የገምጋሚዎቹ ጥያቄ አዲስ አበባ በሚኖር ወዳጃቸው በኩል በስልክ ተነበበላቸው፤ መልሱን በፍላሽ ዲስክ ይዘው መንገድ በተከፈተበት ቀን በሕዝብ መኪና ሄዱ። ጽሑፉ ታተመ። በዕድገት ኮሚቴው ዘንድ የተያዘው እንደ አንድ ጽሑፍ ነው፤ አንድ የሶፍትዌር ስሌት ብቻ ከያዘ ጽሑፍ ጋር እኩል። ኮሚቴው ደንቡን ነው የተከተለው፤ ደንቡ ግን የፈርነስ መዝገብ የሚገባበት ዓምድ የለውም። በእኔ እምነት በአገራችን ሁኔታ ሊደገም የሚችል የአሠራር ጽሑፍ ያወጣ ተመራማሪ ከአንድ ነጥብ በላይ ይገባዋል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ነገ ሊሠራበት ይችላልና። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጋቸውን ያገኙት ከዚያም በኋላ፣ ሌላ ጽሑፍ ጨምረው ነው።

በዚህ መሀል ወዳጆቻቸው ወደ ፔሮቭስካይት ሶላር ሴል እንዲዞሩ መክረዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የተሠራው የመጀመሪያው ሴል ከብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የቀየረው 3.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ25 በመቶ አልፏል፣ ገንዘቡም ጆርናሉም ያለው እዚያ ነው። እሳቸው አስበውበት ትተውታል። እርጥበት የማይገባበት የጓንት ሳጥን የላቸውም፤ በሴሎቹ ሥራ የሚወጣውን፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበትን ፈሳሽ የሚያስወግዱበት ሥርዓትም የለም። ክፉ ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዲሄድ አይፈቅዱም፤ ወንዙ ዳር የሚታጠበው ልብስ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። አንዷ ተማሪያቸው ግን ኳንተም ኤስፕሬሶ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር እርሳስ የሌላቸውን ፔሮቭስካይቶች በስሌት እያጠናች ነው፤ እሳቸው የሚጠይቋት የሰላችው ክሪስታል በስንት ዲግሪ እንደሚፈርስ ነው።

የተማሪ ቁጥር ሌላው ጭንቀታቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች የሚመደብ ተማሪ ተመናምኗል። በአንዳንድ ዓመት በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይበቃሉ። መምህራችን ይህን ወደ ጥቅም ለውጠውታል፤ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ተራ ገብቶ የፈርነሱን መዝገብ ይይዛል። የቤተ ሙከራው ረዳት ጡረታ ወጥተዋል፤ ቀይ እስክሪብቷቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ መዝገቡን ከፍቼ የመጨረሻውን ገጽ አየሁ። በአንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጅ የተጻፈ ነው። «ቢስሙዝ ፌራይት፣ 10 ግራም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 መብራት ሄደ። ማሳያ 850 ነበር። በ8 ሰዓት ከ23 በጉጠት ወጣ፤ ጡቡ ሞቆ ነበር፤ ክሩሲብሉ አልተሰነጠቀም። ናሙናው ሐሙስ ወደ አዳማ ይሄዳል።»